ከሙጫና ከጄላቲን የቁስል መሸፈኛ ለመሥራት ለተነሳችሁ፦ ጅማ ላይ ያየሁት

ጄላቲን በሰው ገላ ሙቀት ይቀልጣል። ይህን ማንኛውም የኬሚስትሪ መጽሐፍ ይነግራችኋል፤ እኔም አንብቤው ነበር። ግን አንብቦ ማለፍና የአንድ ክረምት ሥራ ኢንኩቤተር (ሙቀት የሚጠብቅ ሣጥን) ውስጥ ውሃ ሆኖ ማየት አንድ አይደለም።

ይህን የምጽፈው ከእጽዋት ሙጫና ከጄላቲን ለሕክምና የሚሆን ነገር፣ በተለይ የቁስል መሸፈኛ፣ ለመሥራት ፕሮፖዛል ለያዛችሁ ልጆች ነው። እኔ ማስተርሴን ጅማ ሆኜ በዚሁ ርዕስ ሠርቻለሁ። ተመስገን፣ ጨርሻለሁ። መሃል ላይ ግን ርዕስ ልቀይር ጫፍ ደርሼ ነበር። አሁን ዞር ብዬ ሳየው ችግሩ የነበረው እኔ በፈለግኩት ቦታ አልነበረም። ሁላችንም ልባችን ያለው ጄሉ ላይ ነው፤ ሁለቱን ቀላቅለን ሲረጋ ለማየት እንቸኩላለን። የሚረጋውና የማይረጋው ግን ከመቀላቀሉ በፊት ተወስኖ ያልቃል።

ሐሳቡ ራሱ ደስ ይላል። ቃጠሎ የደረሰበት ሰው ቁስሉ የተሸፈነበት ጋዝ (ፋሻ) ሲቀየርለት አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ። ጋዙ ይደርቅና ቁስሉ ላይ ይጣበቃል። ሲነሳ አዲሱን ቆዳ ይዞ ይነሳል። እርጥበት የሚይዝ፣ የማይጣበቅ፣ ቀስ እያለ ራሱ የሚሟሟ ነገር ቢኖር ሕመምተኛው ይገላገል ነበር። ጄላቲን ከከብት ቆዳና አጥንት ኮላጅን የሚወጣ ስለሆነ ሴሎች ይወዱታል፣ ይይዙታል። የቅልጥም ሾርባ አድሮ ሲረጋ የምታዩት እሱ ነው። ሙጫ ደግሞ አገራችን ሞልቷል፤ ቦረናን የመሰለ የግራር ሙጫ ምንጭ አለን። ሁለቱን ማገናኘት ነው። በወረቀት ላይ ቀላል።

ሙጫውን ፍለጋ መጀመሪያ የሄድኩት ሄርማታ ገበያ ነው። የሐሙስ ገበያ ነበር። እጣን የሚሸጡ አንዲት እናት ዘንድ ቆሜ ሙጫ ስላቸው፣ «ለቡና ነው ልጄ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ ለላብ (ለላብራቶሪ) ነው። የቁስል መድኃኒት ልሞክርበት» ስላቸው ሳቁ። «ይሄ ማጨሻ ነው። የምትፈልጊውን መጀመሪያ ለይተሽ ነይ» አሉኝ። ልክ ነበሩ። እኔ ግን ያየሁት ነገር የሚያብለጨልጭና የደረቀ እንባ የሚመስል ስለነበር ገዝቼ ሄድኩ። ላብ ውስጥ ውሃ ሳደርግበት ነጭ ወተት ሆነ።

እጣን ሙጫም ሬዚንም ዘይትም በአንድ ላይ ያለበት ነገር ነው። የግራር ሙጫ ግን ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ ውሃ ውስጥ ይሟሟል፣ አልኮል ውስጥ አይሟሟም። ስለዚህ ገና ገበያ ሳላችሁ መለየት ትችላላችሁ። በአንድ ትንሽ ጠርሙስ ውሃ፣ በሌላው አልኮል ይዛችሁ ሂዱ። ውሃው ውስጥ ጥርት ብሎ ከሟሟና አልኮሉ ውስጥ እንደነበረ ከቆየ ሙጫ ነው። ወተት ከመሰለ ለቡናችሁ ይሁን።

በኋላ ከቦረና በጓደኛ በኩል እውነተኛውን አስመጣሁ። እሱም ቢሆን ግን ሁለት ዓይነት ግራር ተቀላቅሎበት ሊመጣ ይችላል። ሴኔጋል የሚባለው የግራር ዝርያ ሙጫና ሴያል የሚባለው ሙጫ በዓይን ይመሳሰላሉ፣ ጠባያቸው ግን ይለያያል። ፖላሪሜትር (መፍትሔ ብርሃንን ወዴት እንደሚያዞር የሚለካ መሣሪያ) ካገኛችሁ ነገሩ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። የሴኔጋሉ ብርሃንን ወደ ግራ ያዞራል፣ የሴያሉ ወደ ቀኝ። ላባችሁ ውስጥ ባይኖር ኬሚስትሪ ወይም ፋርማሲ ክፍል ጠይቁ። አቧራ ለብሶ አንድ ጥግ አይጠፋም።

ማጽዳቱ ላይ አትሰስቱ። የዛፍ ልጣጭ፣ አሸዋ፣ ጉንዳን ሳይቀር ይኖርበታል። ወቅጣችሁ ውሃ ውስጥ አሳድሩት፣ በጨርቅ አጥልሉት፣ ከዚያ ሴንትሪፊዩጅ አድርጉት። ቀጥሎ በኢታኖል ማዝቀጥ ነው። እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚቸገርበት ነገር አለ። ኢታኖሉን ስታፈሱበት ሙጫው ቁጭ ከማለት ይልቅ ነጭ ሆኖ ተንሳፍፎ ይቀራል። ተጨማሪ ኢታኖል ስታፈሱ፣ ስታፈሱ፣ ክፍሉ አረቄ ቤት አረቄ ቤት መሽተት ይጀምራል፣ ሙጫው ግን ያው ነው። የሚጎድለው ጨው ነው። ሙጫው አሲዳማ ስኳሮች ስላሉት እርስ በርሱ ይገፋፋል። ቁንጥር የምታህል የገበታ ጨው መፍትሔው ውስጥ ካለች ያንኑ ጊዜ ተሰብስቦ ይወርዳል። በዚህች ብቻ ስንት ሊትር ኢታኖል ታድናላችሁ።

ሌላም አለ። ጥሬ ሙጫ ውስጥ ኦክሲዴዝና ፔርኦክሲዴዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። መፍትሔውን ለጥቂት ጊዜ አሙቃችሁ ካልገደላችኋቸው በኋላ የምትጨምሩበትን ነገር ያበላሹባችኋል። ይህን የሚሠሩት የምግብና የመድኃኒት ሰዎች ናቸው። እኛ ማቴሪያል የምንሠራው ልጆች እንዘለዋለን።

ጄላቲኑን በተመለከተ ከመግዛታችሁ በፊት ከምን እንደተሠራ ጠይቁ። በአሲድ የሚወጣው ኤ ዓይነት ብዙውን ጊዜ ከአሳማ ቆዳ ነው። በአልካሊ የሚወጣው ቢ ዓይነት በአብዛኛው ከከብት ነው። እኛ አገር ላይ ኦርቶዶክሱም ሙስሊሙም አሳማ አይነካም። ጅማ ላይ ደግሞ ነገ የሚጠቀምበትን ሰው ማሰብ የሥራው አካል ነው። ዲፌንስ (የመመረቂያ ጽሑፌን የተከላከልኩበት ፈተና) ላይ ፈታኞቹ ሳይንሱን ትተው መጀመሪያ የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው። የከብት መሆኑን የሚገልጽ ወረቀት ከሻጩ ቀድሜ ስለተቀበልኩ አንድ ገጽ አሳይቼ ተገላገልኩ።

ሁለቱ ጄላቲኖች በሃይማኖት ብቻ ሳይሆን በኬሚስትሪም ይለያያሉ። ቢ ዓይነቱ ቻርጁ ዜሮ የሚሆነው ፒኤች 5 አካባቢ ነው፣ ኤ ዓይነቱ ግን ከ7 እስከ 9 ባለው። ከዚያ ነጥብ በታች ጄላቲኑ ፖዘቲቭ ነው፣ ሙጫው ደግሞ ኔጋቲቭ። ሁለቱ ይሳሳባሉ፤ መፍትሔው ይደፈርስና ከታች ወፈር ያለ ነገር ይዘቅጣል። እኔ ይህን ሳይ «ተሳካ!» ብዬ ፎቶ አንስቼ ለአድቫይዘሬ ልኬ ነበር። ጄል አልነበረም። ኮአሰርቬት ነው፤ ቻርጃቸው ተቃራኒ ስለሆነ ብቻ ተሳስበው የዘቀጡ ጠብታዎች። ቡንገንበርግ ደ ዮንግና ክሮይት የተባሉ የኔዘርላንድ ኬሚስቶች እ.ኤ.አ. በ1929 ስም ያወጡለት ጉዳይ ነው። ናሽናል ካሽ ሬጂስተር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያም በ1950ዎቹ በዚሁ በጄላቲንና በግራር ሙጫ የቀለም ጠብታ እየሸፈነ ካርቦን የማያስፈልገው የኮፒ ወረቀት ሠርቶበታል። መድኃኒት ለመጠቅለል ከፈለጋችሁ ጥሩ መንገድ ነው። ለቁስል መሸፈኛ ግን ጨዋማ ውሃ ሲነካው ይበተናል፤ ቁስል ደግሞ ጨዋማ ነው።

ወደ መቅለጡ ልመለስ። ጅማ ክረምት ላይ ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው። ጄላቲን ያለበት ማንኛውም ነገር ጠረጴዛ ላይ ይረጋል። ሙጫ ብትጨምሩበትም ባትጨምሩበትም ይረጋል። ስለዚህ ጠረጴዛ ላይ የረጋው ነገር ምንም አይነግራችሁም። ጄላቲን ከ30 እስከ 35 ዲግሪ ባለው ይቀልጣል፣ የሰው ገላ 37 ነው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ናሙና 37 ዲግሪ ላይ፣ ፎስፌት ባፈር (ፒኤቹ እንዳይለዋወጥ የሚይዝ መፍትሔ) ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ላይ ቅርጹን ይዞ ካገኛችሁት ያኔ ስም ስጡት። እኔ ይህን ያደረግኩት ለኮንፈረንስ አብስትራክት ከላክሁ በኋላ ነው፣ እንዴት እንዳለፈ አልነግራችሁም።

እንዳይቀልጥ ሰንሰለቶቹን በኬሚካል ማሰር ያስፈልጋል። በየፔፐሩ የሚቀድመው ግሉታራልዲሃይድ ነው። ርካሽ ነው፣ ቶሎ ያስራል፣ ጄሉ ድንጋይ ይሆናል። ግን ያው ኬሚካል የሆስፒታል ዕቃ ጀርም ለመግደያ የሚውል ነው። ሳይታሰር የቀረው ትንሽ ትንሹ እየወጣ ሴሉንም ይገድላል። እኔም ጋ የሆነው እሱ ነው። ጥንካሬው ሲያምር፣ የሴል ውጤቱ ሲመጣ ባዶ።

መዞሪያው የመጣው ሙጫውን ራሱን ማሰሪያ በማድረግ ነው። ሶዲየም ፔሪዮዴት ጎን ለጎን ሃይድሮክሲል የያዙ ሁለት ካርቦኖችን ካገኘ መሃላቸውን ይቆርጥና ሁለት አልዲሃይድ ይተዋል። ማላፕራድ የተባለ ፈረንሳዊ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። አልዲሃይዱ ደግሞ ጄላቲኑ ላይ ያለውን ላይሲን (አሚን የሚባል ናይትሮጅን ያለው ጫፍ የያዘ አሚኖ አሲድ) ሲያገኝ ሺፍ ቤዝ የሚባል ትስስር ይሠራል። ሌላ መርዝ አትጨምሩም። የግራር ሙጫ ለዚህ የተመቸ ነው። ግንዱ ጋላክቶስ በ1ኛውና በ3ኛው ካርቦን የተያያዘበት ስለሆነ ፔሪዮዴቱ የሚያገኘው ጎረቤት ሃይድሮክሲል የለውም። የሚቆረጡት ቅርንጫፎቹ ላይ ያሉት ስኳሮች ናቸው።

ይህ ማለት ግን ፔሪዮዴት በብዛት ጨምሩ ማለት አይደለም። ብዙ አልዲሃይድ ካገኘሁ ብዙ ይታሰራል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። ሲበዛ ሙጫው እየተቆራረጠ ቀጭን ውሃ ይሆናል፣ የሚተርፈው አልዲሃይድም ሴሉን ያስቸግራል። ደግሞስ ጄላቲኑ ላይ የሚይዘው ስንት አለ? ከ100 አሚኖ አሲዶች ላይሲንና የላይሲን ዘመዱ 3 አካባቢ ቢሆኑ ነው። ለእኔ የሠራልኝ ከስኳሮቹ አንድ አራተኛውን ገደማ ለመቁረጥ የሚበቃ መጠን ነው። ከዝቅተኛው ጀምራችሁ ውጡ።

ሲሠራ ብርጭቆው በፎይል ይጠቅለል፣ ብርሃን ፔሪዮዴትን ያበላሻል። ዱቄቱ ከወረቀትና ከአልኮል ይራቅ፣ እሳት ያስነሳል። ሲያልቅ የተረፈውን በኢቲሊን ግላይኮል አጥፉ። ከመኪና ራዲያተር የሚቀዳውን ሰማያዊውን ማለቴ አይደለም፤ ይህን የምለው ሊያደርገው የነበረ ልጅ ስለማውቅ ነው።

ቀጥሎ ዳያሊሲስ ነው፤ ሙጫውን ትንንሹን ነገር ብቻ በሚያሳልፍ ቱቦ ውስጥ አድርጎ፣ የውጪውን ውሃ እየቀየሩ ማጠብ፤ ብዙ ሰው እዚህ ይሰለቻል። የሥራው ግማሽ ያለው ግን እዚሁ ነው። ውስጡ የቀረው አዮዴት ሴሉን ይጎዳል፣ ያልጠፋ ፔሪዮዴት ካለ ደግሞ ጄላቲኑን ራሱን ይበላል። መጥራቱን የምታዩት በብር ናይትሬት ነው። ከውጪው ውሃ ትንሽ ቀድታችሁ ጠብ ስታደርጉ ነጭ ከሆነ ገና ነው። ታዲያ እኔ ለቀናት ነጭ እያየሁ ውሃ እቀይራለሁ፣ አሁንም ነጭ። ለካ የምቀይረው በቧንቧ ውሃ ነው! የቧንቧ ውሃ ክሎራይድ አለው፣ ክሎራይድም ከብር ጋር ነጭ ይሆናል። መጀመሪያ አካባቢ በቧንቧ መቀየር ይቻላል፣ የመጨረሻዎቹ ግን ዲስቲልድ (ተንኖ የተጣራ ውሃ) ይሁኑ። ብር ናይትሬቱንም አስቀድማችሁ በባዶ ውሃችሁ ላይ ሞክሩት። ውሃ የሚጠፋበት ሰፈር ላላችሁ፣ ዲስቲልዱን ሲኖር በጀሪካን አጠራቅሙ። ዳያሊሲሱን ፍሪጅ ውስጥ አድርጉት፤ ሙጫ ስኳር ነው፣ ሞቃት ክፍል ውስጥ ሰንብቶ ይሸታል።

ማድረቂያው ላይ መብራት አለ፣ የለም የሚለው ነገር ይመጣል። ፍሪዝ ድራየር (በረዶ አድርጎ የሚያደርቀው ማሽን) መሃል ላይ ሲጠፋ በረዶው ይቀልጥና ጥጥ የመሰለው ነገር ከረሜላ ይሆናል። እኔ ከዚያ በኋላ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማስገባት ተውኩ። ግማሹን አስገባለሁ፣ ግማሹ ፍሪዘር ውስጥ ይጠብቃል። በኦቨን ላድርቀው ብላችሁ ሙቀቱን ከፍ እንዳታደርጉ። ቡናማ ይሆናል፤ እንደገናም አይሟሟም። በደንብ የደረቀውም ቢሆን ዕድሜው አጭር ነው። አልዲሃይዱ ከጎረቤቱ ሃይድሮክሲል ጋር እየተያያዘ ይደበቃል፣ ሙጫው እየከረመ ለመሟሟት እምቢ ይላል። የጅማ አየር ደግሞ እርጥብ ነው። ጥብቅ ዕቃ፣ ሲሊካ ጄል፣ ፍሪጅ። ብልቃጡ ላይ ቀን ጻፉ።

አልዲሃይዱንም በየዙሩ ለኩት። ሃይድሮክሲላሚን ሃይድሮክሎራይድ አልዲሃይድ ሲያገኝ አሲድ ይለቅቃል፣ እሱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ታይትሬት ታደርጋላችሁ። ውድ ማሽን አይፈልግም። ብቻ አንድ ነገር አለ፤ የግራር ሙጫ በራሱ ግሉኩሮኒክ አሲድ አለው። ያልተነካውን ሙጫ በዚያው መንገድ ለክታችሁ ካልቀነሳችሁ የሌለ አልዲሃይድ ታገኛላችሁ። ለካሁ ብላችሁ ትደሰታላችሁ፣ የለካችሁት ግን ሙጫውን ነው።

አሁን ርዕስ ልቀይር የደረስኩበት ጋ ደረስን። ሙጫው ንጹሕ ነው፣ አልዲሃይዱ ተለክቷል፣ ጄላቲኑ አዲስ ነው። እቀላቅላለሁ፣ 37 ዲግሪ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ውሃ። መጠን እጨምራለሁ፣ ውሃ። ሌሊት ሁሉ እያነበብኩ፣ እናቴ ስትደውል «ደህና ነኝ» እያልኩ፣ በቃ ጉዴ ፈላ። አድቫይዘሬ ጥሩ ሰው ነው፣ ግን እሱም «እስቲ ሌላ ክሮስሊንከር (ማሰሪያ ኬሚካል) እንሞክር» ከማለት አላለፈም። ያወጣኝ የላቡ ቴክኒሻን ነው። ጋሼ ነው የምንለው፤ ጡረታ ሊወጣ የቀረበ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። አንድ ቀን ዕቃ እያጠብኩ ሳለ ጠርሙሶቼን እያነሳ ሲያይ ቆየና፣ «ይሄ ባፈር ከማን ነው የወሰድሽው?» አለኝ። ከጎን ላብ ከሚሠሩ የዲኤንኤ ልጆች ነው አልኩት። «ትሪስ እኮ ነው። አሚን አለው።» ይህን ብሎ ሻይ ሊጠጣ ወጣ።

ትሪስ። ትሪስ ላይ ያለው አሚን ከጄላቲኑ ላይሲን ቀድሞ አልዲሃይዱን ይይዘዋል። በቁጥር ደግሞ ከላይሲኑ በብዙ እጥፍ ይበዛል። የሠራሁት ሙጫ በሙሉ ባፈሩን ሲያቅፍ ነው የከረመው። በማግስቱ ፎስፌት ባፈር አዘጋጅቼ ቀላቀልኩ። የሚያማስለው ማግኔት መዞር አቆመ። ጋሼን ጎትቼ አምጥቼ ብልቃጡን ገልብጬ አሳየሁት፣ አልፈሰሰም። «ታዲያስ» አለኝ፣ በቃ።

አሚን ያለበት ማንኛውም ነገር ችግር ነው፤ ግላይሲንም፣ አሞኒየም ያለበት ጨውም። ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን ሳይሆን ውስጡ ያለውን እወቁ። ፒኤቹም ከ7.4 አይውረድ። ወደ አሲድ ሲሄድ የላይሲኑ አሚን ፕሮቶን ተሸክሞ ሥራ ይፈታል። ትንሽ ወደ ላይ ማለት ያፈጥነዋል፣ ከበዛ ግን ቀላቅላችሁ ሳትጨርሱ ይረጋባችኋል።

ጄላቲኑን አትቀቅሉት። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ይነፋ፣ ከዚያ 50 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ ይሟሟ። ከፈላ ሰንሰለቱ ይቆራረጣል። ሙጫውንም ጄላቲኑንም ከመቀላቀላችሁ በፊት 37 ዲግሪ አድርሷቸው። አንዱ ቀዝቃዛ ከሆነ ጄላቲኑ በብርድ ይረጋና በኬሚካል የረጋ ይመስላችኋል። ጄሉ ወደ ቢጫ ሲሄድ አትደንግጡ፣ የሺፍ ቤዙ ቀለም ነው።

ፈተናዎቹ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። አንደኛው ኤፍቲአይአር፣ ትስስሮችን በኢንፍራሬድ ብርሃን የሚያሳየው ፈተና። ሁሉም ሰው 1640 አካባቢ ያለችውን ጉብታ እያሳየ «ሺፍ ቤዝ ተሠርቷል» ይላል። እዚያው ቦታ ላይ የጄላቲኑ አማይድ (የፕሮቲኑ የራሱ ትስስር) ተቀምጧል፤ የምታሳዩት እሱን ሊሆን ይችላል። የ1730ዋ የአልዲሃይድ ምልክትም ብዙ ጊዜ ደካማ ናት፣ አልዲሃይዱ ስለሚደበቅ። ባትታይ አልተሠራም ማለት አይደለም። ስለዚህ በኒንሃይድሪን (ነጻ አሚን ሲያገኝ ቀለም የሚሰጥ ኬሚካል) ነጻ የቀረውን አሚን ለኩና ምን ያህሉ እንደታሰረ በቁጥር አስቀምጡ። ፈታኝ እሱን ሲያይ ጥያቄው ይቀንሳል። ሁለተኛው እብጠት ነው። ውሃ ስንት ጠጣ ብላችሁ ስትመዝኑ ያልታሰረው ሙጫ በዚያው እየታጠበ ይወጣል። መጨረሻ ላይ አድርቃችሁ እንደገና ካልመዘናችሁ ቁጥሩ ትርጉም የለውም።

ማምከን እስከ ዲፌንስ ዋዜማ የሚረሳ ነገር ነው። ኦቶክሌቭ (በሞቃት እንፋሎት ማምከኛው) የጄላቲን ጄልን ያጠፋዋል። እኔ ሁለቱን መፍትሔዎች ለየብቻ፣ ጄላቲኑን ሞቅ እንዳለ፣ በ0.22 ማይክሮን ፊልተር አሳልፌ ንጹሕ ካቢኔት ውስጥ ነው የቀላቀልኩት። ወፍራም ከሆነ ፊልተሩ ይዘጋል፣ ስለዚህ ሙጫው በደንብ የጸዳ ይሁን። ጄላቲን ለባክቴሪያ ድግስ ነው። አንዴ ከገባበት አትመልሱትም።

የሴል ፈተናውን እኔ ያሠራሁት አዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ፣ በበረዶ ሣጥን። እርጥቡን ጄል ከመላክ የደረቀውን ላኩ። የሕክምና ዕቃዎች መመዘኛ የሆነው አይኤስኦ 10993 ክፍል 5 የሚለው ግልጽ ነው፤ የሴሎቹ ሕይወት ከ70 በመቶ በታች ከወረደ መርዛማ ነው። የመጀመሪያው ውጤቴ ከዚያ በታች መጣ። ምክንያቱ ያልታሰረ አልዲሃይድ ነበር። ጄሉን ከሠራሁ በኋላ በግላይሲን አጥቤ፣ ከዚያ በፎስፌት ባፈር ደጋግሜ ሳለቀልቀው አለፈ። አዎ፣ ከላይ ራቁ ያልኳችሁ ግላይሲን። ከመርጋቱ በፊት ጠላት ነው፣ ከረጋ በኋላ የተረፈውን አልዲሃይድ የሚዘጋላችሁ እሱ ነው። ኤምቲቲ (ሕያው ሴል ቀለሙን የሚቀይረው ፈተና) ከተጠቀማችሁ ደግሞ ሴል የሌለበት የጄል ናሙና አብራችሁ አስፈትሹ፤ አልዲሃይድ ቀለሙን በራሱ ሊቀይርና የሞተውን ሕያው ሊያስመስል ይችላል።

አንድ ያልጠበቅኩት ነገር ልጨምር። ሰፈር ውስጥ ወሬው ተሰማ። የአከራዬ ዘመድ የሆኑ ሴት በር አንኳኩተው፣ «አንቺ የቃጠሎ መድኃኒት ትሠሪያለሽ አሉ። የልጄን ልጅ ጀበና ፈሶበት ነው፣ ትንሽ ስጪኝ» አሉኝ። ልጁ ትንሽ ነው። ዓይናቸውን ማየት ከበደኝ። ፍሪጅ ውስጥ አለ እኮ! አልሰጠሁም። በእንስሳ ያልተሞከረ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያላየው ነገር ሕፃን ላይ አይደረግም። አብሬያቸው ወደ ጤና ተቋም ሄድኩ። እግረ መንገዴን ለሌላ ጊዜ ቢያጋጥም ቃጠሎውን ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ማቆየት እንጂ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም እንዳይቀቡ ነገርኳቸው። እናንተም ይመጣባችኋል። መልሳችሁን ከአሁኑ አዘጋጁ፣ በር ላይ ቆማችሁ መፈለግ ከባድ ነው።

የእንስሳ ሙከራ ካሰባችሁ ለሥነ ምግባር ፈቃዱ ፕሮፖዛሉ እንደጸደቀ ማመልከት ጀምሩ። ኬሚካል ስታዝዙ ደግሞ ከሁሉ በፊት ፔሪዮዴቱን እዘዙ። ኦክሲዳይዘር ስለሆነ በአውሮፕላን የሚጫነው በልዩ ደንብ ነው፣ ሻጮችም ዛሬ ነገ ይላሉ። የዳያሊሲስ ቱቦውንም አብራችሁ፣ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ። ቱቦው ይቀደዳል። እሱን እየጠበቃችሁ ሙጫውን አጽዱ፣ ጎረቤት ላብ ውስጥ ያለውን ባፈር ግን አትበደሩ።